ጊደሯ ከመገዛቷ በፊት፦ ስለ ከብት ሳንባ ነቀርሳ ምርመራ

በደብረ ማርቆስ ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ በኮሚሽኑ የፕሮጀክት ባለሙያ በሆኑ ዲያቆን የቀረበ ንግግር





ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ለጊዜው ሲሰሙት የእንስሳት ሐኪም እንጂ የካህን ሥራ አይመስልም። በላም አንገት ላይ ስለሚደረግ የቆዳ ምርመራ ነው። ነገር ግን ኦሪት ዘሌዋውያንን ያነበበ ሁሉ በምዕራፍ 13 ካህኑ ምን ሲሠራ እንደሚታይ ያስታውሳል። በሰው ቆዳ ላይ የወጣውን ምልክት ይመለከታል፤ እርግጠኛ መሆን ካልቻለ ሰውየውን ሰባት ቀን ለይቶ ያቆየዋል፤ በሰባተኛው ቀን ተመልሶ ምልክቱ ሰፍቶ ወይም ባለበት ቆሞ እንደሆነ ያያል፤ ካስፈለገም ሌላ ሰባት ቀን ይጨምራል። ቸኩሎ አይፈርድም፤ አይቶም ዝም አይልም። የኦሪቱ ለምጽና የከብቱ ነቀርሳ አንድ ናቸው ማለታችን አይደለም። ይሁን እንጂ ዛሬ የምናየው ምርመራም እንዲሁ ሁለት ጊዜ መታየትን የሚጠይቅ፣ በመካከሉም ቀን የሚቆጠርለት ነው።

ጉዳዩን አሁን ያነሣንበት ምክንያት አለ። ከየአጥቢያው በሚቀርቡልን የልማት ጥያቄዎች ውስጥ የወተት ላም ደጋግሞ ይመጣል። ለአቅመ ደካሞች፣ ለአረጋውያን ካህናት ቤተሰቦች፣ ለቅኔና ለዜማ ተማሪዎች ጉባኤ ቤቶች የተዳቀለች ጊደር እንዲገዛ ትጠይቃላችሁ። መልካም ጥያቄ ነው። በተለመደው አሠራርም ጊደሯን የተቀበለ ቤተሰብ የመጀመሪያዋን ሴት ጥጃ ለቀጣዩ ተረኛ ያስረክባል፤ እንዲህ እየተባለ ስጦታው ከቤት ወደ ቤት ይሄዳል። የምንሰጋውም እዚህ ላይ ነው። ጊደሯ በሽታውን ይዛ ከመጣች፣ ስጦታው በሚሄድበት መንገድ ሁሉ በሽታውም ይሄዳል፤ ያውም በቤተ ክርስቲያን እጅ።

የከብት ሳንባ ነቀርሳን የሚያመጣው ተሐዋሲ ማይኮባክቴሪየም ቦቪስ ይባላል። ሰውን በብዛት ለሚይዘው የነቀርሳ ተሐዋሲ የቅርብ ዘመዱ ነው። ከብት ከከብት የሚወስደው በአብዛኛው በትንፋሽ ሲሆን፣ ጥጃ ደግሞ ከእናቱ ወተትም ሊወስደው ይችላል። ክፋቱ በሽታው ለረዥም ጊዜ ተደብቆ መኖሩ ነው። ላሚቱ ትወልዳለች፣ ትታለባለች፣ ቆዳዋም ያብረቀርቃል፤ ሳሉና ክሳቱ የሚመጡት ነገሩ ከባሰ በኋላ ነው። ስለዚህ ገበያ ወጥቶ ጥርስ አይቶ፣ ጡት ዳብሶ የሚገዛ ሰው፣ የቱን ያህል ከብት አዋቂ ቢሆን፣ ይህን በሽታ በዓይኑ አይቶ አይለየውም። «ላሚቱ ወፍራም ናት፣ ምን ትሆናለች?» የሚለው ንግግር ለሌላ በሽታ ይሠራ ይሆናል፤ ለዚህ አይሠራም።

በአገራችን የበሽታው ስርጭት አንድ ዓይነት አይደለም። ተመራማሪው ጎበና አመኒና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት በመካከለኛው ኢትዮጵያ 5,424 ከብቶችን በቆዳ ምርመራ አይተው፣ ከመቶ 13.5 ያህሉ ምልክት እንዳሳዩ አግኝተዋል። በተለምዶ የፈረንጅ ላም የምንላት ሆልስታይን 22.2 ከመቶ ስታሳይ፣ የሐበሻ ከብት 11.6 ከመቶ አሳይቷል። ረቡማ ፍርዲሳና ባልደረቦቻቸው ደግሞ በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በዚያው በመካከለኛው ኢትዮጵያ ከ88 የወተት መንጋዎች 2,956 ከብቶች ተመርምረው ከመቶ 30 ያህሉ ምልክት አሳይተዋል። በሌሎች የገጠር አካባቢዎች በግጦሽ በሚውሉ የሐበሻ ከብቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ግን በአብዛኛው በጣም ዝቅተኛ መጠን ነው ያገኙት። ልዩነቱ የዘር ብቻ አይደለም። በዝግ በረት ትከሻ ለትከሻ ታስሮ የሚውል ከብት አንዱ የሌላውን ትንፋሽ ሲስብ ይውላል፤ በጮቄ ተዳፋት ነፋስ ላይ የሚውለው ግን እንዲህ አይደለም።

ለእኛ ለጎጃሞች ዋናው ነጥብ የተዳቀሉት ጊደሮች ከየት ይመጣሉ የሚለው ነው። ብዙዎቹ የሚመጡት ወይም የዘር ሐረጋቸው የሚመዘዘው በሽታው ከበዛበት ከመካከለኛው አገር ነው። ተመራማሪዎች በጎንደር፣ በመቀሌና በሐዋሳ ዙሪያ ከወተት ከብቶች ያገኟቸውን ተሐዋስያን በዘር መለያቸው ሲያስተያዩ፣ ከመካከለኛው ኢትዮጵያዎቹ ጋር ዝምድና እንዳላቸው አይተዋል። በሽታው በገበያ መንገድ እየተጓዘ ነው ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ዓባይን ተሻግሮ ደብረ ማርቆስ የሚገባው የከብት መኪናም በዚያው የገበያ መንገድ ላይ ያለ ነው።

አሁን ወደ ምርመራው እንግባ። መነሻው ጀርመናዊው ሮበርት ኮክ ነው። የነቀርሳን ተሐዋሲ በ1882 እ.ኤ.አ. ካገኘ በኋላ፣ በ1890 ከተሐዋሲው ያዘጋጀውን ቱበርኩሊን የተባለ ፈሳሽ ለመድኃኒትነት አቀረበ። አላዳነም። ነገር ግን በሽታው ያለበት አካል ለዚህ ፈሳሽ እንደሚቆጣ፣ የሌለበት ግን እንደማይቆጣ ታየ፤ ለመድኃኒት የታሰበው ነገር መመርመሪያ ሆኖ ቀረ። ይኸው ኮክ በ1901 ለንደን ላይ የከብቱ ነቀርሳ ለሰው ብዙም እንደማያሰጋ ተናግሮ ነበር፤ እንግሊዞች ኮሚሽን አቋቁመው አሥር ዓመት ያህል መርምረው ከብቱ ለሰው፣ በተለይም ለሕፃናት፣ በወተት በኩል እንደሚያስተላልፍ አረጋገጡ። ታላቅ ሊቅም ይሳሳታል።

በአሠራሩ ባለሙያው በላሚቱ አንገት መካከል ሁለት ቦታ ጸጉሯን ይላጫል። በሁለቱ መካከል 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ይተዋል። የቆዳውን እጥፋት ውፍረት ካሊፐር በተባለ መለኪያ ለክቶ ይጽፋል። ከዚያም በአንዱ ቦታ ከከብት ተሐዋሲ፣ በሌላው ደግሞ ከአዕዋፍ ተሐዋሲ የተዘጋጀ ቱበርኩሊን፣ ከእያንዳንዱ 0.1 ሚሊ ሊትር፣ በቆዳዋ ውስጥ ይወጋል። ከ72 ሰዓት በኋላ ተመልሶ ሁለቱንም ቦታ እንደገና ይለካል። የአዕዋፉ መርፌ የተጨመረው ያለ ምክንያት አይደለም። በአፈርና በውኃ ውስጥ ለከብት ብዙም የማይጎዱ የነቀርሳው ዘመዶች ይኖራሉ፤ ከእነርሱ ጋር የተዋወቀች ላምም ለከብቱ ቱበርኩሊን ጥቂት ልትቆጣ ትችላለች። ሁለቱን እብጠቶች ማወዳደር ይህን ለመለየት ይረዳል። በዓለም አቀፉ ደንብ የከብቱ እብጠት ከአዕዋፉ እብጠት ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ከበለጠ ላሚቱ ምልክት አሳይታለች ይባላል።

እነ ጎበና አመኒ በ2008 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሌላ ሥራ ይህ የ4 ሚሊ ሜትር ወሰን በአገራችን ከብቶች ላይ እንዴት እንደሚሠራ፣ ከብቶቹ ከታረዱ በኋላ ከተገኘው ጋር አስተያይተው መዝነዋል። በ4 ሚሊ ሜትር ወሰን ምርመራው በሽታው ካለባቸው ከመቶ 59ኙን ብቻ ሲያገኝ፣ ወሰኑ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ሲወርድ 69ኙን አግኝቷል። በሁለቱም ወሰን ከመቶ ጤነኞች 97ቱን ጤነኛ ብሏል። ስለዚህ ባለሙያውን በየትኛው ወሰን እንዳነበበ ጠይቁት፤ እኛ ለግዢ የምትታይ ጊደር በ2 ሚሊ ሜትር እንድትነበብ እንመክራለን።

እነዚህን ቁጥሮች ወደ እናንተ በረት እናምጣቸው። በሽታው ከበዛበት አካባቢ 100 የተዳቀሉ ጊደሮች መጡ፤ 30ዎቹ በሽታው አለባቸው እንበል። በ2 ሚሊ ሜትር ወሰን ምርመራው 21 ያህሉን ያገኛል፤ 9 ያህሉን ያሳልፋል፤ ከ70ዎቹ ጤነኞችም ሁለቱን ያለ ጥፋታቸው ይከሳል። አሁን ደግሞ በግጦሽ የሚውሉ 100 የሐበሻ ከብቶች አሉ፤ በሽታው ያለባቸው 2 ብቻ ናቸው እንበል። ምርመራው ከሁለቱ አንዷን ወይም ሁለቱንም ያገኛል፤ ከጤነኞቹ ግን ሦስት ያህሉን ይከሳል። በመጀመሪያው መንጋ ምልክት ያሳየች ላም በሽታው እንዳለባት ማመን ይቻላል፤ በሁለተኛው ግን ምልክት ካሳዩት የሚበዙት ጤነኞች ናቸው። አንድ ዓይነት ወረቀት፣ አንድ ዓይነት ፊርማ፣ ሁለት የተለያየ ትርጉም። ላሚቱ ከየት እንደመጣች ሳይጠየቅ ወረቀቱ ብቻውን አይነበብም።

ምርመራው ከሚያሳልፋቸው መካከል አስቀድመው የሚታወቁ አሉ። በሽታው ገና በቅርቡ የያዛት፣ በቅርብ ሳምንታት የወለደች፣ በረኃብ የተጎዳች፣ ወይም በሽታው እጅግ የጸናባት ላም ላትቆጣ ትችላለች። የመጨረሻዋ ከሁሉ ትከፋለች፤ በብዛት የምታስተላልፈው እርሷ ልትሆን ትችላለችና። ስለዚህ ነጻ ተብላ የተገዛችም ጊደር ከመንጋ ጋር ወዲያው አትቀላቀልም፤ ለብቻዋ ሁለት ወር ያህል ቆይታ እንደገና ትመርመር። ቆዳው ከአንዱ መርፌ በኋላ ለጊዜው ስለሚደነዝዝ ሁለተኛው ምርመራ ከ42 ቀን በፊት አይደረግም። ይህን የሚያውቅ ክፉ ነጋዴ ላሚቱን ከገበያው በፊት አስወግቶ ሊያመጣት ይችላል፤ የአንገቷን ጸጉር እዩ።

ስለ ወረቀቱም አደራ የምንለው ነገር አለን። «ተመርምራ ነጻ ሆናለች» የሚል ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ለእኛ ምርመራ አይደለም። አራት ቁጥር ይኑርበት፦ የሁለቱ ቦታዎች ውፍረት ከመርፌው በፊትና ከመርፌው በኋላ። የጆሮዋ ቁጥር፣ የተወጋችበትና የተነበበችበት ቀንና ሰዓትም ይጻፍበት። ቱበርኩሊኑ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ የሚያዝ ስለሆነ፣ በምን ተይዞ እንደመጣ መጠየቅም ነውር አይደለም።

የደም ምርመራ አለ፤ ኢንተርፌሮን ጋማ ይባላል። ደሙ ግን ሳይዘገይ ቤተ ሙከራ መግባት አለበት፤ ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ሳለ ይህን ለአጥቢያ ፕሮጀክት አንመክርም። በአገራችንም በሙከራ የታየ፣ ከተመረጡ የተሐዋሲው ክፍሎች ብቻ የተሠራ አዲስ የቆዳ ምርመራ እየመጣ ነው። ጥቅሙ ለሰው ሕፃናት የሚሰጠው የቢሲጂ ክትባት ለከብት ሲሰጥ የተከተበችውን ከታመመችው መለየቱ ነው። ክትባቱም በኢትዮጵያ ተሞክሮ ተስፋ ሰጪ ውጤት በ2024 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ሁለቱም ግን ገና ወደ ወረዳችን የእንስሳት ክሊኒክ አልደረሱም፤ ለዛሬ በእጃችን ያለው መርፌውና ካሊፐሩ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ምልክት ያሳየችው ላም ምን ትሁን የሚለው ነው። እንግሊዝና አሜሪካ ላሚቱን አርደው ለባለቤቷ መንግሥት ካሳ ከፍለው ነው በሽታውን ያሳነሱት። በእኛ አገር እንዲህ ያለ የካሳ ሥርዓት የለም። ላሚቱን በመድኃኒት ማከምም አይመከርም። ታዲያ ላሚቱ የአንዲት መበለት ብቸኛ ሀብት ብትሆንስ?

እኛ የያዝነው አቋም ይህ ነው። ጊደር ከመገዛቷ በፊት ሁልጊዜ ትመርመር፤ ለሻጩም ገንዘብ የሚከፈለው ከንባቡ በኋላ ይሁን። ቀድሞ በድሀ ቤት ያለች ላም ግን ኮሚቴው ምልክት ብታሳይ ምን እንደሚያደርግ ሳይወስን፣ ለመተኪያም ገንዘብ ሳያስቀምጥ አትመርመር። ውሳኔ ሳይኖር መመርመር መበለቲቱን ከጭንቀቷ ጋር ትቶ መሄድ ነው፤ ደግሞም ላሚቱን በድብቅ ለቅዳሜ ገበያ እንድታወጣት መግፋት ነው። አንዳንዶች «ምርመራው እንዲሁ ሰው ያስደነግጣል፣ ቢቀርስ?» ይሉናል። በዚህ አንስማማም። የመተኪያው ገንዘብ በእያንዳንዱ የጊደር ፕሮጀክት በጀት ውስጥ ከመጀመሪያው ይግባ፤ ያን ጊዜ ምርመራው የሚያስደነግጥ አይሆንም።

ምልክት ያሳየች ላም ለእርባታ አትሸጥም፤ ለሌላ አጥቢያም አትሰጥም። የምትወገደው የሥጋ መርማሪ ባለበት ቄራ ታርዳ ነው፤ ሥጋው ለምግብ ይሁን አይሁን የሚወስነውም እርሱ ነው። እስከዚያ ድረስ ከሌሎች ተለይታ ትቀመጥ፤ ጥጃዋም የፈላና የቀዘቀዘ ወተት ይጠጣ።

ስለ ስለት ከብትም ሳንናገር አናልፍም። በገዳማትና በአድባራት ያሉ መንጋዎች ከየአቅጣጫው በስለት የገቡ ናቸው፤ አንዷ ከደጀን፣ አንዷ ከቢቸና፣ አንዷ ከደብረ ኤልያስ ትመጣለች። ስለት የሚቀበል ሰው ስለ ከብቷ ጤና መጠየቅን እንደ ድፍረት ያየዋል፤ የመጣችውም በዚያው ቀን ከመንጋው ጋር ታድራለች። ለስለት የገቡ ከብቶች የሚቆዩበት የተለየ በረት ይኑር። ስለቱ የእግዚአብሔር ነው፤ በረቱ ግን የእኛ ኃላፊነት ነው።

አሁን ወደ ሰው እንምጣ፤ ሳናጋንን። በኢትዮጵያ የሳንባና የዕጢ ነቀርሳ ካለባቸው ሕሙማን የተወሰዱ 964 ናሙናዎች በ2013 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ተመርምረው የከብቱ ተሐዋሲ ድርሻ እጅግ አነስተኛ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ የአንገት ዕጢ ያበጠበትን ሁሉ «ወተቱ ነው» ማለት አይቻልም፤ በአብዛኛው የሰው ለሰው በሽታ ነው። እንዲያውም ሰው የራሱን ነቀርሳ ለከብቱ ያስተላለፈባቸው ሁኔታዎች በአገራችን ታይተዋል፤ ከብትና ሰው በአንድ ጣራ በሚያድርበት በእኛ ደጋ ይህ አያስገርምም። ላሚቱ ምልክት ካሳየች ቤተሰቡ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ የሚያስል ካለም ላሚቱ ብትመረመርም ባትመረመርም ይሂድ። ሕክምናው በመንግሥት ጤና ተቋማት ያለ ክፍያ የሚሰጥ ነው።

ድርሻው ትንሽ ነው ማለት ግን ጥሬ ወተት ይጠጣ ማለት አይደለም። ቁጥሩ የተገኘው አብዛኛው ላም የሐበሻ ላም በሆነበት አገር ነው፤ የተዳቀሉት ሲበዙና የብዙ ላሞች ወተት በአንድ ገንቦ ሲቀላቀል ነገሩ ሊለወጥ ይችላል። እርጎ መሆኑም አያድነውም፤ ተሐዋሲው በመኮምጠጥ በቶሎ አይሞትም። የሚያጠፋው እሳት ነው፤ ወተቱ ገንፍሎ ሲፈላ ይሞታል። ለካህናት በተለይ የምናሳስበው የጾሙን ወራት ነው። በዐቢይ ጾም አዋቂው ከወተት ሲከለከል፣ የታለበው ወደ ቅቤ ይሄዳል፤ ከላሚቱ ሥር ጥሬውን የሚጠጡት ያልደረሱ ሕፃናት ናቸው። በሽታውም በወተት በኩል የሚጎዳው በይበልጥ እነርሱን ነው። የንስሐ አባት በጾም መግቢያ ቤተሰቡን ሲጎበኝ፣ የሕፃኑ ወተት ፈልቶ እንደሆነ ቢጠይቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም።

ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ቅርጫ አለ። በየመንደሩ በሬ ይታረዳል፤ መርማሪ የለም፤ ጥሬ ሥጋም ይበላል። በሳንባው ወይም በደረቱና በጉሮሮው ዕጢዎች ላይ አይብ የመሰለ ቢጫ ነገር የቋጠረ፣ ቢላዋ ሲነካው እንደ አሸዋ የሚንኮሻኮሽ እብጠት ከታየ፣ ሥጋው ሳይከፋፈል የወረዳው ባለሙያ ይጠራ። የተበላሸው ክፍልም ለውሻ አይጣል፤ ይቀበር።

የቀረን የቀን አቆጣጠር ነው። ባለሙያው ሁለት ጊዜ መምጣት አለበት፤ ንባቡም ከ72ኛው ሰዓት ብዙ ፈቀቅ ማለት አይችልም። ረቡዕ የተወጋች ላም ቅዳሜ፣ ሐሙስ የተወጋች እሑድ ትነበባለች፤ በሁለቱ ሰንበታት በመንደሮቻችን ከብት ይዞ የሚያቆም ሰው አይገኝም። ሰኞ ተወግታ ሐሙስ፣ ማክሰኞ ተወግታ ዓርብ፣ ወይም ዓርብ ተወግታ ሰኞ ትነበብ። የወሩንም ቀን ተመልከቱ፤ በ9፣ በ18 ወይም በ26 የተወጋች ንባቧ ከሚካኤል፣ ከማርያም ወይም ከበዓለ ወልድ ላይ ይውላል፤ የየአጥቢያችሁ ታቦት የሚከበርበትንም ቀን ጨምሩበት። ከወረዳው የእንስሳት ሐኪም ጋር ቀጠሮ ስትይዙ የበዓላቱን ቀን ጽፋችሁ ሂዱ፤ በሁለቱም ጧት ጊደሮቹ ወደ ግጦሽ ሳይወጡ በረት ውስጥ ይጠብቁ።